የአባቱን ዘንግ የቆረጠው አናጺ

አንድ ዘርጋው የሚባል አናጺ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። እንደ እሱ አናጺ ከሆኑት ጎረቤቶቹ ከይመኑና ከከድር ጋር ጎን ለጎን እየሠሩ፣ ሦስቱም ለዓመታት ደንበኛ ሲሻሙ ኖረዋል። በከተማዋ መግቢያ የቤት ዕቃ በማሽን የሚሠራ ትልቅ ድርጅት ከተከፈተ ወዲህ ግን የሚሻሙት ደንበኛም ጠፋ። ዘርጋው ሌላ ወር እንዲህ ካለፈ የእንጨት ሥራ ቤቱን ከመዝጋት በቀር መንገድ አልታየውም።

በዚህ መሐል የከተማዋ ትምህርት ቤት ስልሳ ወንበር በሃያ ቀን የሚያደርስለት ፈለገ። ለአንድ አናጺ የማይታሰብ ነው። ዘርጋው ሁለት ቀን ሲያመነታ ቆይቶ ጎረቤቶቹን አማከረ፤ ተስማሙ። ባላቸው ገንዘብ ሁሉ እንጨት ገዙና ሥራውን ተከፋፈሉ፤ ይመኑ እግሩን መቀመጫው ከሚያርፍበት ማቀፊያ ጋር፣ ከድር መቀመጫውን፣ ዘርጋው መደገፊያውን።

በአሥረኛው ቀን ሊገጣጥሙ ተሰበሰቡ። አልገጠመም። የይመኑ ማቀፊያ ከከድር መቀመጫ በሁለት ጣት ይሰፋል፤ የዘርጋው መደገፊያ ደግሞ በአንድ ጣት። ለካ እያንዳንዱ የለካው ከአባቱ በወረሰው፣ ለጎረቤት በማያሳየው የመለኪያ ዘንግ ኖሯል። ወርዱ አንድ ዘንግ ይሁን ሲባባሉ የማን ዘንግ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ይመኑ ከድርን፣ አባትህ ዘንጉን ያበጁት ገና ልጅ ሳሉ ነው መሰለኝ አለው። ከድርም፣ ያንተ አባት ደግሞ ወንበር የሚሠሩት ለግመል ነበር ብሎ መለሰለት። ዘንጌ ተሳስቷል የሚል ጠፋ።

ዘርጋው እንጨቶቹን ደጋግሞ ለካ። የሰፋ ይቆረጣል፤ የጠበበ ግን አይሰፋም። እንደገና የሚሠሩበት እንጨትም ቀንም የላቸውም። ስለዚህ የሚያዋጣው አጭሩ፣ አሁን የተቀለደበት የከድር ዘንግ ነበር። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ከበደው። የአባቱን ዘንግ ከከድር ዘንግ ጎን አጋደመና የተረፈውን በመጋዝ ቆረጠው።

ይመኑ ደነገጠ። "አያ ዘርጋው፣ አባትህ ቢያዩ ምን ይላሉ?"

"ልጄ ሥራ አልፈታም ይላሉ።"

ይመኑ መጋዙን ተቀብሎ የራሱንም ዘንግ በዚያው ልክ ቆረጠ።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ስልሳው ወንበር በትምህርት ቤቱ ግቢ ተደረደረ። ርእሰ መምህሯ አገላብጣ አይታ የትኛው የማን ሥራ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ሦስቱም ተያይተው ሳቁ። የሥራ ቤቶቻቸው እስከ ዛሬ አልተዘጉም።

ትናንሽ ነጋዴዎች ከትልቁ ጋር ለመፎካከር አብረን እንሥራ ማለታቸው መልካም ነው። ሆኖም ሁሉም በየራሱ መለኪያ ከሠራ፣ የተባበሩት በወሬ ብቻ ነው። አንዱ መለኪያ ደግሞ የግድ የእኛው ላይሆን ይችላል። እኛስ ከጎረቤታችን ጋር ለመሥራት ብለን ከዘንጋችን ስንት ጣት እንቆርጣለን?