አረፋ የሌለበት ቦታ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከባሕር አጠገብ ተወልዶ፣ እዚያው ጸጉሩ ሸብቶ፣ ባሕር ውስጥ ግን ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ገብቶ የማያውቅ።

ጋሽ ዘለቀ ወጋቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው። በወጣትነታቸው መርከብ ላይ ሲሠሩ ብዙ ወደብ ያዩ ሰው ናቸው፤ ሲጠየቁ መልሱን በቀጥታ መናገር አይሆንላቸውም። የጠየቀቻቸው የወንድማቸው ልጅ እማዋይሽ ነበረች። ሕፃን ልጇ ከሞተ ወዲህ እሷና ባሏ «አንቺ ነሽ፣ አንተ ነህ» እየተባባሉ ሲጮኹ ከረሙ። አሁን ጩኸቱ ቆሟል። የልጁን ስም የሚያነሳ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ ቤታችሁ ሰላም ወረደበት» ይላታል። «ጋሼ፣ ይሄ ሰላም ነው አይደል?» አለቻቸው። «ታዲያ ለምንድን ነው ከዚያን ጊዜ ይልቅ አሁን የምፈራው?»

እሳቸውም ምሳሌያቸውን ቀጠሉ።

ሰውየው አናጢ ነበር፤ አንዲት ልጅም ነበረችው። ልጅቷ ትንሽ ሳለች እጁን ይዛ እየጎተተች «አባዬ፣ ግባ» ስትለው «ነገ» ይላታል። ነገ፣ ነገ እያለ ልጅቷ አድጋ አገር ለቃ ሄደች። አሁን ልትጠይቀው መጥታ ከርማ፣ በማግስቱ ልትመለስ ነው። ያን ቀን ካልገባ መቼም እንደማይገባ ያውቃል፤ ይህ አንጀቱን ይበላው ነበር።

የሚያሳፍረው ደግሞ የሰፈሩ ባሕር የለማጅ ባሕር መሆኑ ነው። ታቹ አሸዋ ነው፤ ድንጋይ የሚባል የለበትም። ሞገዱ ራቅ ብሎ ይሰበርና ነጭ አረፋ ሆኖ እየተንደረደረ ዳር ድረስ ይመጣል። ሰው ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ረጅም ሰሌዳ ላይ በሆዱ ይተኛል፣ አረፋው ገፍቶ አሸዋው ላይ ያወጣዋል። ሰርፊንግ ይሉታል። ይህን የምታስተምር አንዲት ቁጡ ሴት ነበረች። ልማዷ ነውና ማንም ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት አሸዋው ላይ ታስቀምጠዋለች። «ዝም ብለህ ውሃውን እይ» ትላለች፤ ሰዉ እስኪሰለቸው ድረስ።

አናጢው ግን የሚያየው ስልኩን ነበር። ፈሪ ሰው የአየር ትንበያ ይወዳል። የዚያን ቀን ጠዋት ሲከፍተው ሞገዱ ከጉልበት አያልፍም፣ ነፋሱ ለስላሳ ነው፣ ለጀማሪ ምቹ ቀን ነው ይላል። «ዛሬ አብሬሽ እገባለሁ» አላት ልጁን። አላመነችውም፤ ግን ሳቀች።

ከዳር ሲደርሱ አስተማሪዋ እንደ ልማዷ «ተቀመጥ» አለችው።

«ምኑን ልይ ብዬ? ትንበያውን አይቼ ነው የመጣሁት።»

«ትንበያው ባሕሩን ነው ያየው። አንተ የምትገባበትን ቦታ አላየልህም።»

እሱ ግን ተኮሳትሮ የሰሌዳውን ገመድ ከእግሩ አሰረና ወረደ። ልጁ አስቀድማ አረፋው መሀል ገብታ ትጠራዋለች። አረፋው ያጓራል። ግራውም ቀኙም ነጭ ነው። በመካከል ግን አንድ ጠበብ ያለ ቦታ አለ፤ ሞገድ አይሰበርበትም፣ ውሃው ጠቆር ብሎ ረግቶ ተኝቷል። በዚህ በኩል እገባና ከወዲያ ዞሬ ልጄ ጋ እደርሳለሁ ብሎ አሰበ። አረፋ የሚፈራ ሰው ሁሉ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

ሰሌዳው ላይ ተኝቶ በእጆቹ መቅዘፍ ጀመረ። ማንም አልመታው፣ ማንም አላንገላታው። እንዲያውም ውሃው የሚያግዘው መሰለው። «ለካ ጎበዝ ነኝ!» አለ። ዞር ሲል ግን ዳር ያለው ሰው ሁሉ ርቆ ትንሽ ሆኗል። የልጁ ድምፅ አይሰማም።

ደንግጦ ሰሌዳውን ወደ ዳር አዞረና ቀዘፈ። ዳር ላይ የተተከለ ቀይ ጃንጥላ ነበር፤ ዓይኑን እሱ ላይ ጣለ። ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፤ ጃንጥላው አልቀረበም። እንደገና ባለ በሌለ ኃይሉ ቀዘፈ። ጃንጥላው ጭራሽ ራቀ። ክንዱ ዛለ፣ ጉሮሮው በጨው ተቃጠለ፣ ልቡ ከሰሌዳው ጋር ተጣብቆ ይደልቃል። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፣ ነፋሱም ለስላሳ ነው። ትንበያው አንድም ቃል አልዋሸም። በዚያ ሁሉ ደህና ነገር መካከል እሞታለሁ ብሎ ማሰቡ ሰውየውን አስለቀሰው።

አስተማሪዋ በአሸዋው ላይ ስትሮጥ አያት። «ና» የምትለው መስሎት ነበር። እሷ ግን ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ሞገዱ ወደሚሰበርበት፣ አረፋው ወደሚያጓራበት ታመለክታለች። አብዳለች እንዴ! እሱን ሽሽት አይደለም እንዴ እዚህ የደረሰው? እንደገና ወደ ጃንጥላው ሊቀዝፍ ሞከረ፤ ክንዱ እንቢ አለው።

ያን ጊዜ የሰሌዳውን አፍንጫ ወደሚፈራው ነገር አዞረ።

ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ቀዘፈ እንጂ ወደ ዳሩ አልቀዘፈም። ጥቂት እንደሄደ የሚጎትተው ነገር ለቀቀው። ሞገዱ ከኋላው ሲያጓራ ሰማ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሞገዱ አነሳው፣ ከሰሌዳው ላይ ገለበጠው፣ አሸዋ አስቃመው፣ ደግሞ አነሳው። ዓይኑን ሲከፍት በጉልበቱ ቆሟል። ውሃው ከወገቡ አይደርስም። ልጁ ብብቱን ይዛ እየጮኸች ትሰድበዋለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትሰድበዋለች።

አስተማሪዋ እያለከለከች «ሞገድ ያመጣው ውሃ ሁሉ መመለሻ ይፈልጋል» አለችው። «የሚመለሰው በዚያ በረጋው በኩል ነው። ተቀምጠህ ብታይ ኖሮ ታየው ነበር። አረፋው ይመታሃል እንጂ ወደ ሰው ነው የሚያመጣህ።»

ጋሽ ዘለቀ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ እማዋይሽ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጎረቤቶችሽ አልዋሹሽም። ባልሽ ጨዋ ነው፣ አንቺም ጨዋ ነሽ፣ ከቤታችሁ ጩኸት አይወጣም። እነሱ ትንበያቸውን ተናገሩ። ውሃው ውስጥ ያለሽው ግን አንቺ ነሽ፤ የፈራሽውም ስለዚህ ነው። ትጮኹ በነበረ ጊዜ ልጃችሁ በመካከላችሁ ነበር፤ ክፉም ቢሆን እሱን ነበር የምታወሩት። ዝም ካላችሁ ወዲህ እሱም የለም፣ እናንተም እየተራራቃችሁ ነው። መራቃችሁን የማታውቁት የሚመታችሁ ነገር ስለሌለ ነው።»

«ካነሳሁት ይቆጣላ፣ ጋሼ።»

«ይቆጣል። አንቺም ትቆጫለሽ። ምናልባት ከበፊቱ የባሰ ትባባላላችሁ። ባልሽን ግን ታገኚዋለሽ።»

እማዋይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጩኸቱ ከቆመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የልጇን ስም ጠራች።

«እንዲህ ነው» አሏት ጋሽ ዘለቀ። «ለእኔ አይደለም ግን። ሂጂና ለባልሽ ጥሪለት።»