ምርቃት የሞላው ሰሌዳ

ተረት ላምጣ? «አምጣ!» በሉኛ!

ወይዘሮ ዘነቡ መሐል ሜዳ ወደምትባል ከተማ መሄድ ፈለጉ፤ ሌላ ምንም አልፈለጉ። ነገ ማለዳ እዚያ የአንዲት ሕፃን ክርስትና አለ። የክርስትና እናቷ እሳቸው ናቸው፤ ካልደረሱ ሕፃኗ አትጠመቅም።

መናኸሪያ ደርሰው የአውቶቡሱን ሾፌር ደርቤን «ንዳ እንጂ ልጄ!» አሉት።

«እማማ፣ የመናኸሪያው የመብራት ሰሌዳ የምሄድበትን ከተማ ካላሳየ አልነሳም።»

ሰሌዳውን ቀና ብለው ቢያዩ፦ «በሰላም ያግባችሁ! በሰላም ያግባችሁ! በሰላም ያግባችሁ!»

«አሜን! ግን የት?»

«ምርቃቱ ሞልቶኛል፤ ከኋላው የተጻፈውን ከተማ አላሳይም» አለ ሰሌዳው። ሰሌዳው አላሳይም አለ፣ ሾፌሩ አልነሳም አለ፣ ወይዘሮ ዘነቡም ቆመው ቀሩ።

ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ተራ አስከባሪው ጋሽ በላቸው ናቸው። «አንዴ ብቻ ቢመርቁስ?» ቢሏቸው «አንዴ? ለጠላት ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ምርቃቱ አልለቅም አለ፣ ሰሌዳው አላሳይም አለ፣ ሾፌሩ አልነሳም አለ፣ ወይዘሮ ዘነቡም ቆመው ቀሩ።

ሰሌዳውን የሠራችው ኤፍራታ ተጠራች። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ አንድ መስመር ጻፈች፦

ጽሑፍ.replace(/በሰላም ያግባችሁ!/, "")

ቆይ፣ ላስረዳችሁ! replace ማለት «ተካ» ነው፤ ዘንበል ባሉት ሁለት ሰረዞች መሃል ያለው ደግሞ ሰሌዳው ላይ የሚፈለገው ቃል ነው። ባዶው ጥቅስ ደግሞ «በቦታው ምንም አታስቀምጥ» ማለት ነው። በቃ፣ ማጥፋት ነው!

አንድ ምርቃት ጠፋ። ሁለቱ ግን እዚያው ናቸው።

«የመጀመሪያውን አጥፍቻለሁ፤ ሌላ አልነካም» አለ መስመሩ።

ሁሉንም የሚጠራርገው ጂ (g) የሚባል የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እሱ ደግሞ ከሰረዙ ማዶ ቆሞ «ካልጠሩኝ አልገባም» ይላል! ጂ አልገባም አለ፣ መስመሩ አልነካም አለ፣ ምርቃቱ አልለቅም አለ፣ ሰሌዳው አላሳይም አለ፣ ሾፌሩ አልነሳም አለ፣ ወይዘሮ ዘነቡም ቆመው ቀሩ።

«እንግዳ ደጅ አቁማችሁ ነው የምትጨቃጨቁት?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ኧረ ግባ የኔ ጌታ! ኤፍራታ፣ ቦታ ስጪው!»

ኤፍራታ ከሁለተኛው ሰረዝ ቀጥሎ አስቀመጠችው፦

ጽሑፍ.replace(/በሰላም ያግባችሁ!/g, "")

«ምርቃቴን!» ብለው ጮኹ ጋሽ በላቸው።

«ከሰሌዳው ወሰድኩት እንጂ ከአፍዎ አልወሰድኩም፣ ጋሼ!» አለች ኤፍራታ።

ጂ ገባ፣ መስመሩ ሁሉንም ነካ፣ ምርቃቱ ለቀቀ፣ ሰሌዳው «መሐል ሜዳ» ብሎ አሳየ፣ ሾፌሩ ተነሳ፣ ወይዘሮ ዘነቡም ሄዱ!

በማግስቱ ሕፃኗ በእጃቸው ላይ ሆና ውሃው ሲነካት፣ ዲያቆኑ ጆሮውን እስኪይዝ ድረስ ጮኸች።

ተረቴ ተሳፍሮ ሄደ፤ እኔ መናኸሪያ ቀረሁ።