በሐጂ ሙዘይን ደጃፍ የተሰማው አዛን

ስሟን የማልጠራት አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። ስሟ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ የዚያ ዘመን ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ስለሚኖሩ የሞቱ አባቶቻቸውን በአደባባይ ማሳጣት ስለከበደኝ ነው። ዙሪያዋ በድንጋይ የታጠረ፣ መስጊዷ ከቤቶቿ ሁሉ የሚያረጅ ከተማ ናት ብላችሁ አስቡ፤ ይበቃል።

በዚህች ከተማ፣ ከታችኛው በር አጠገብ፣ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የእህል ነጋዴ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ሰው ስለ ደግ ሽማግሌ ሲያወራ ፊቱን ፈገግታ የማይለየው፣ አንደበቱን ጣፋጭ ማድረግ ይወዳል። እሳቸው እንዲያ አልነበሩም። ኮስታራ ነበሩ፤ ሲሸጡም ሲገዙም ቀልድ አያውቁም፤ ልጆች ሲያዩአቸው ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። ነገር ግን እሳቸው ሰፍረው የሰጡትን እህል ቤቱ ወስዶ መልሶ የሚሰፍር ሰው አልነበረም።

እኚህ ሰው አንድ ዓመት የእህል መጋዘናቸውን እኩሌታ አስጠረጉ፤ በግንብ አስከፈሉት፤ በመንገዱ በኩል በር አወጡለት። ከዚያ ወዲያ ማደሪያ ያጣች ሴት የምትገባበት ቤት ሆነ። ባሏ ሞቶ የባሏ ወንድሞች ያስወጧት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታገለግልበት ከኖረችበት ቤት ስታረጅ የተሰናበተች፣ ገና በልጅነቷ አርግዛ ዘመድ ሁሉ ከዓይኔ ጥፊ ያላት፣ ሁሉም እዚያ ይጠጉ ነበር። ቤቱን የሚይዙት ባለቤታቸው እመት መይሙና ናቸው፤ ምጥ የመጣባትንም የሚያዋልዱ እሳቸው ናቸው። ቀለቡ ከሐጂ ዘካና ከጎረቤት ሰደቃ ይመጣል። የቤቱ ደንብ አንድ ነበር፤ የገባችዋን ሴት ምን ሆነሽ ነው ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ ራሷ ፈቅዳ ከተናገረች ግን ያ ነገር አማና ነው፣ ከበሩ አይወጣም።

ከተማው ይህን ቤት አይጠላውም ነበር። ይወደዋል ለማለት ደግሞ አፌ አይደፍርም። ሰደቃውን በሰው እጅ ይልካል፤ በበሩ ሲያልፍ ግን ፊቱን ወደ ማዶ ያዞራል። እኛም ብዙዎቻችን እንዲሁ ነንና ልፈርድባቸው አልቸኩልም።

አሁን ደግሞ የዚያችን ከተማ አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። ልጅ ሲወለድ በጆሮው አዛን ይባልለታል፤ ይህ በየትም አገር አለ። እዚያ ግን አዛኑን የሚለው አባት ብቻ ነበር፤ አባት ከሌለ የአባት ወንድም። የሚለውም ሕፃኑን ታቅፎ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ጎረቤት እንዲሰማው አድርጎ ነው። ሰፈሩ በድምፁ ልጁ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። ሸሪዓ ያዘዘው አልነበረም፤ ልማድ ነው። ልማድ ግን ሲቆይ ሰው ከዲኑ መለየት ያቅተዋል። በሐጂ ቤት የሚወለዱት ሕፃናት አዛን የሚሰሙት በሩ ተዘግቶ፣ ከእመት መይሙና አፍ፣ በለሆሳስ ነበር።

አንድ ክረምት ሒንዲያ የምትባል ልጅ ወደዚያ ቤት መጣች። ልጅ ያልኳት አውቄ ነው፤ ሆዷ ገፍቶ ነበር እንጂ ዕድሜዋ ገና ከእኩዮቿ ጋር የሚያጫውት ነው። አባትም እናትም የሏትም፤ ያደገችው በአንድ የተከበረ ሰው ቤት እያገለገለች ነው። ብዙ ጊዜ ሳትናገር ቆየች። በኋላ ግን ለእመት መይሙናና ለሐጂ ያንን ያደረሰባት ያው የቤቱ ጌታ መሆኑን ነገረቻቸው። ስሜን ካነሳሽ በሕይወት አትኖሪም ብሏታል። እንደማይዋሽም ታውቃለች፤ ከእሷ በፊት በዚያ ቤት ታገለግል የነበረች ሌላ ልጅ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለምና። ለቃዲው ለምን አልነገሩም የሚል አይጠፋም። ሰውየው ዘወትር ከቃዲው ቀኝ የሚቀመጥ ነበር። ሐጂ፣ ስሙ ከዚህ ቤት አይወጣም ብለው ለልጅቷ ቃል ገቡላት።

ሒንዲያ በገበያ ቀን ወንድ ልጅ ወለደች። ትንሽዬ ነበር፤ ለቅሶውም ደካማ። እመት መይሙና እንደ ሁልጊዜው አዛኑን ሊሉለት ተነስተው በሩን ሲዘጉ ልጅቷ ከተኛችበት ተናገረች።

“የሌላው ልጅ በሩ ተከፍቶ ነው የሚባልለት። የእኔ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የሚዘጋበት?”

ሐጂ ከመጋረጃው ወዲያ ቆመው ይህን ሰሙ። ሕፃኑን ስጡኝ አሉ። እመት መይሙና ያሰቡትን ስላወቁባቸው በጨርቅ ጠቅልለው እየሰጧቸው ለመኗቸው።

“ሐጂ፣ ቀስ ብለው ይበሉት። መንገዱ ሰው ነው።”

“የአላህን ስም ስጠራ ድምፄን የምቀንሰው ማንን ፈርቼ ነው?” አሉ ሐጂ።

በሩን ከፍተው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ አዛኑን እስከ መጨረሻው አሉት። ገበያተኛው አህያውን ይዞ ቆሞ ሰማ። የሚመጣውን አላወቁም ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም፤ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው እንዴት አያውቁም?

የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሳይሰገድ ወሬው የላይኛውን በር አልፎ ነበር። ልጁ የሐጂ ነው ተባለ። ለካ ቤቱን የከፈቱት ለዚህ ኖሯል ተባለ። ቀድሞ ሰደቃ ይልክ የነበረው ሰው፣ እኔስ ጠርጥሬ ነበር ማለት ጀመረ። ሃሜት ክፋቱ ይህ ነው፤ የዛሬውን ብቻ አይነካም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ሁሉ ያቆሽሻል።

በጁምዓ ከሰላት በኋላ ጀመዓው በመስጊዱ ግቢ ተቀመጠና ሐጂን አስጠራ። የመስጊዱ ኢማም ሸህ ጡሃ ነበሩ፤ ከሐጂ ጋር በአንድ ሉህ፣ በአንድ የእንጨት ሰሌዳ፣ ቁርአን የተማሩ፣ የልጅነት ጓደኛቸው። ያ የሒንዲያ ጌታም ከተቀመጡት አንዱ ነበር፤ እንዲያውም ነገሩ የከተማችንን ስም የሚያጠፋ ነውና ቶሎ ይጣራ ብሎ አጥብቆ የተናገረው እሱ ነው። ሐጂ ወደ እሱ አቅጣጫ እንኳ አላዩም፤ ዓይናቸው እንዳያሳብቅባቸው ፈሩ።

“ሙዘይን፣ ልጁ ያንተ ነው?” አሉ ሸህ ጡሃ።

ሐጂ ዝም አሉ።

“አይደለም በለኝና አምንሃለሁ። እነዚህም ሁሉ ያምኑሃል።”

“ይህን ጥያቄ አልመልስም፣ ጡሃ።”

“ዝምታህን እንደ መልስ ነው የምንወስደው።”

“የምትወስዱትን እኔ አልሰጠኋችሁም” አሉና ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ቤታቸው ሲደርሱ እመት መይሙና አለቀሱ። አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩ ምን ነበረበት ብለው ጠየቋቸው። ሐጂ እንዲህ አሏቸው፦ “አዎ እንዳልል ውሸት ነው። አይደለም ብል ደግሞ ያምኑኛል፤ መከራው እሱ ነው። ካመኑኝ ፍለጋው ይቀጥላል፤ ያ ሰው ደግሞ ፍለጋው እሱ ጋ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ ልጅቷን ይቀድማታል። እኔ ላይ ከቆመ ግን እሷ በሰላም ታድራለች።”

እውነትም ፍለጋው እሳቸው ላይ ቆመ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስነግራችሁም እየተናደድኩ ነው። ገበሬው እህሉን ጭኖ በደጃፋቸው እያለፈ ለሌላ ነጋዴ ያራግፍ ጀመር። ሰላምታ የሚመልስላቸው ጠፋ። ሰላት ላይ ትከሻ ለትከሻ መግጠም ደንብ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ከሐጂ ግራና ቀኝ ግን ሰው የሚያቆም ክፍተት ይተዋል፤ አላህ ፊት ቆመውም ከሰው ይሸሻሉ። ሐጂ ከዚያ ክፍተት መካከል ሆነው ከአንድም ሰላት አልቀሩም። ይህን ችለው ነበር ብዬ ላሳምር አልፈልግም። እመት መይሙና እንደነገሩን በባዶው መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው እንደ ልጅ ሲያለቅሱ አግኝተዋቸዋል።

ሰደቃውም ተቋረጠ። የነውር ቤት አንቀልብም ተባለ። ሐጂ የቀራቸውን እህል ለሴቶቹ ማካፈል ያዙ፤ እህሉ ግን እያነሰ ሄደ። አቅም ያላቸው ሴቶች እንጨት እየለቀሙ ሊሸጡ ወጡ፤ ከእነሱም የሚገዛ ጠፋ። ሒንዲያ ለጋ አራስ ነበረች፤ የምትጠግብበት ቀን እየራቀ ሲሄድ ጡቷ ደረቀ። ጎረቤት አራሶች ነበሩ፤ ለዚያ ልጅ ጡቴን ልስጥ የምትል አልተገኘችም። ሕፃኑ ቀን በቀን ቀለለ።

ልጅቷ ነገሩን ሁሉ ከሴቶቹ ስትሰማ ተነስታ ሐጂ ወዳሉበት ሄደች።

“አባባ፣ መስጊድ ሄጄ ልንገራቸው። በእኔ ምክንያት ሰው አጡ።”

“ልጄ፣ እኔ ያጣሁት ሰላምታ ነው” አሏት። “አንቺ የምታጪው ነፍስሽን ነው። ሰላምታና ነፍስ አይመዛዘኑም። ተመልሰሽ ልጅሽን ያዢ።”

ልጁ ዝናቡ ሳያባራ ሞተ።

በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት አንድ ጥሪ አድራጊ ከመስጊዱ ደጃፍ ቆሞ የእገሌ ልጅ እገሌ ብሎ ጀናዛውን ያሳውቃል፤ ወንዱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ይወጣል። ሐጂ ሄደው ነገሩት። የማን ልጅ ልበል አላቸው። የሒንዲያ ልጅ በል አሉት። እንዲያ ብዬ አልጠራም አለ። ሐጂም አልተከራከሩትም። ተመልሰው ሕፃኑን አጠቡ፤ ከነጠላቸው ቀደው ከፈኑት፤ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ስላልነበረ በክንዳቸው ታቅፈው ወጡ። ሒንዲያና ሴቶቹ እስከ በሩ ሸኟቸው። ሽማግሌው ብቻቸውን በዝናብ በገበያው መካከል አለፉ። ባለሱቁ ሁሉ ምን እንደታቀፉ አወቀ። አንገቱን ደፍቶ ሚዛኑን ይጠርግ ጀመር።

ቀብሩ ቦታ ደርሰው የቆፈሩትን ጉድጓድ በእጃቸው ሲያስተካክሉ ሸህ ጡሃ እያለከለኩ ደረሱባቸው። ብቻቸውን ነበሩ። እንደ ኢማምነታቸው ጀናዛ ያለ ሰጋጅ ሲቀበር መተው ከብዷቸው ይሁን፣ ወይስ የድሮው ጓደኝነት ጎትቷቸው፣ እንጃ።

“ሙዘይን” አሉ፤ “ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ይህን ልጅ የማን ልጅ እንበለው?”

“የሒንዲያ ልጅ።”

“ሰው በእናቱ ይጠራል እንዴ?”

ሐጂ ቀና ብለው አዩአቸው። በኋላ ዘመን በእመት መይሙና አፍ ወጥቶ በከተማዋ ሲወራ የኖረውን ቃል ሐጂ የተናገሩት ያኔ ነው።

“ጡሃ፣ በየቀብሩ ቆመህ ለሟች ተልቂን ስታደርግ፣ የመቃብሩን ጥያቄ መልስ ስታስታውሰው፣ ሁላችንንም የምትጠራን በእናታችን ስም ነው። እኛ ስንቀበር የምንጠራበትን ስም ይህ ልጅ ይዞት ተወለደ።”

 ሸህ ጡሃ አንተ አሰግድ አሏቸውና ከቀኛቸው ቆመው ሰገዱ። አፈሩን አብረው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ተጸጸተ፣ ሐጂም ክብራቸው ተመለሰ ብዬ ልጨርስ ብችል ደስ ባለኝ ነበር። አልሆነም። ሸህ ጡሃ ለጀመዓው ምንም አልተናገሩም። ሐጂ ሒንዲያን ለሚያምኑት የሩቅ አገር ነጋዴ ቤተሰብ አደራ ሰጥተው ላኳት፤ እዚያ አግብታ፣ ወልዳ፣ በሰላም ኖረች። እሳቸው ግን ስማቸው እንደጎደፈ ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። እመት መይሙና እውነቱን የተናገሩት ሁሉም ካለፉ በኋላ በእርጅናቸው ነው። የዚያን ሰው ስም ያኔም አላወጡም፤ አማናው የሐጂ ነው ብለው ይዘውት ሞቱ።

የሐጂን ቃል ብዙ ሰው ለልጁ ማጽናኛ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ለእኛ የተነገረ ተግሣጽ ይመስለኛል። ሰው መቃብር ሲገባ ጌታህ ማን ነው ይባላል፤ ነቢይህ ማን ነው ይባላል። አባትህ ማን ነው የሚል ጥያቄ እዚያ የለም። ያንን ጥያቄ የፈጠርነው እኛ ነን፤ የምንጠይቀውም ብዙ ጊዜ ከሁሉም ደካማ የሆነችዋን ልጅ ነው።

በዚያች ከተማ የሕፃኑ አባት ማን ነው ብሎ ያልጠየቀ ሰው አልነበረም። እናቱ ዛሬ በልታለች ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልተገኘም። ነገ አላህ ፊት ስንቆም ስለዚህኛው እንጠየቃለን ብዬ እፈራለሁ።