ጾም በሽርሽር መርከብ ላይ

ቀኛዝማች ደመላሽ የሚባሉ ባላባት በሁዳዴ መርከብ ተከራይተው፣ ከነአሽከሮቻቸው ባሕር ለባሕር ሊንሸራሸሩ ወጡ። መልሕቅ ገና ከመነሣቱ፣ «በዚህች መርከብ ጾም የገደፈ ቢገኝ፣ መጀመሪያ ባገኘሁት ደሴት ጥዬው እሄዳለሁ!» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ድመቷ ሳትቀር ሽምብራ ቀረበላት።

በሦስተኛው ቀን ግን ሽሮው ሰለቻቸውና ወጥ ሠሪውን አስጠሩት።

«ዶሮ ሥራልኝ» አሉት። «መንገደኛ ጾም የለበትም። እኔ ደግሞ ይኸው መንገደኛ ነኝ።»

ሰውየው ሠርቶ አቀረበ።

«በል፣ ቅመስልኝ።»

ወጥ ሠሪ ለጌታው ያቀረበውን አልቀምስም ካለ፣ መርዝ ጨምሮበታል ይባላል። ስለዚህ ሰውየው ቀመሰ። ይኼኔ ቀኛዝማቹ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ገደፈ! ዓይኔ እያየ ገደፈ! አውርዱልኝ!»

ዛፍ የሌለው አንድ ደሴት ከወዲያ ብቅ ብሎ ነበር። አሽከሮቹ ክንዱን ያዙት። ሰውየው አፉን ጠራርጎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ባንድ መርከብ ተሳፍረን መንገደኛው እርስዎ ብቻ ከሆኑ፣ እኔ ያለሁት ቤቴ ነው ማለት ነው። ለመሆኑ መንገደኛ ባለቤቱን ከገዛ ቤቱ ሲያስወጣ የት አይተው ያውቃሉ?»