አንጓች የወደቀችበት ሜዳ

አንጓችን የበደላት ሰው ድረስ ይባላል። የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ። ስሙን እለፊው የሚሉኝ አሉ፤ አላልፈውም። የእሷ ስም በየሰው አፍ ሲንከባለል የእሱ ለምን ይሸሸጋል?

ነገሩ የሆነው ድሮ ነው። የአያቴ አያት እንኳ ሲወራ ሰማችው እንጂ አላየችውም። ቀይ አፋፍ በምትባል፣ ዝናብ ሲነካት እንደ ቅቤ በምታዳልጥ መንደር አንጓች የምትባል አልቃሽ ነበረች። መሬት የላት፣ ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ በወንድሟ ግቢ ጥግ ጎጆ ቀልሳ የምትኖር። ያላት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲሞት ከለቅሶው መሀል ቆማ የምታወርደው ግጥም። እሷ ካልቆመች ሬሳ አይወጣም ነበር። ስትጀምር ባለጌው ሳይቀር ያለቅሳል።

አንድ ቀን ጥጥ ስትፈትል ባዘቶው ከግራ እጇ ወደቀ። ላንሣው ብትል እጇ እምቢ አለ። ግራ እግሯም እምቢ አለ። አፏ ወደ አንድ ወገን ዞረ። መጋኛ መታት አሉ። ጠበል ወሰዷት፤ ቅቤ አሿት። አፏ ተመለሰ፤ ነፍሷም ተመለሰች። እግሯ ግን ከኋላዋ እየተጎተተ ቀረ።

በነሐሴ የመንደሩ ጭቃ ሹም ሞተ። አንጓች በትሯን ይዛ ወጣች። ማንም ከጎኗ አልሄደም፤ ድሮም ብቻዋን ነበር የምትቆመው። ከለቅሶው ሜዳ መሀል ደርሳ አፏን ስትከፍት ግራ እግሯ ከዳት። በግንባሯ ተደፋች። ቀሚሷ እስከ ጭኗ ተገለበ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ በቀሳውስቱ ፊት!

"እኔን! እኔን!" አሉ ሴቶቹ። የእኛ ሰው ወግ ነው፤ ሰው ሲደናቀፍ እኔን ይላል። ከቆሙበት ግን አልተነቃነቁም። ድረስ እህቱን እንደመሸፈን ቀልድ አማረው።

"ጉድ ነው! አንድ ሬሳ ልንቀብር መጥተን ሁለት ሆነብን!"

ሕዝቡ በነጠላው ተሸፍኖ ሳቀ። ለቅሶ ላይ! አንተ የምትሰማኝ፣ ምን ያስገለፍጥሃል? እዚያ ብትኖር አንተም ስቀህ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ አንጓች መሬትን ፈራች። ዐይኗም ፈዘዘ፣ እግሯም ሰለለ፤ የባሰባት ግን የሰው ዐይን ነበር። ግድግዳ ይዛ ትሄድ ጀመር። ከግድግዳ ወደ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወደ መደብ። ቆይታ ከመደቡም መነሣት ተወች። የድረስ ሚስት ደግ ሴት ነበረች፤ ደግነቷ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። "እትዬ፣ ተቀመጭ፤ እኔ አመጣልሻለሁ" ትላለች። ውሃውን ታመጣለች። እሳቱን ታመጣለች። እግር ደግሞ ካልሄዱበት መሄድን ይረሳል። ረሳ።

ለደጅ ብቻ ትወጣለች፤ እሱንም ሰው ሥራ ሲወርድ ጠብቃ፣ ወደ ጓሮ። አንድ ቀን እዚያው ጎመኑ መሀል ወደቀች። ብትጣራ የሚሰማት ነበር። ድረስ ከአጥሩ ማዶ ሞፈር ይጠርባል፤ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማታል። አልተጣራችም። የወጣችበት ጉዳይ ልብሷ ላይ ሆኗልና፣ እሱ ከሚያያት ጉንዳን ቢበላት መረጠች። ከብቱ እስኪገባ እንደተጋደመች ቀረች።

ያገኘቻት ብርቄ ናት። ብርቄ ከየት እንደመጣች የማይታወቅ፣ ለሰው ውሃ እየቀዳች የምታድር ሴት ነበረች። እኔን አላለችም። ልታነሣትም አልተጣደፈች። እንስራዋን አወረደችና አጠገቧ ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

"ደግ ቦታ መርጠሻል፤ እኔም ወገቤ ተቆርጦ ነበር" አለች።

"ሂጅልኝ አንቺ! ገምቻለሁ።"

"ጎመኑስ በምን ያደገ መሰለሽ?"

አንጓች ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ሳቅ አታውቅም ነበር። ተያይዘው ተነሡ። ብርቄ በእንስራዋ ውሃ አጠበቻት፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲያ እየመጣች ከመደቡ እስከ በሩ ታስሄዳት ጀመር። ከበሩ ግን አንጓች አታልፍም። "ያዩኛል" ትላለች።

በዓመቱ፣ የክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ፣ ብርቄ ሞተች። ወገን የላትም። ሰው የወጣው አፈር ሊያለብሳት ብቻ ነው። ስሟን ጠርቶ ማን ያልቅስ? አንጓች ካልወጣች ያቺ ሴት ዝም እንደተባለች ጉድጓድ ልትገባ ነው። አንጓች በትሯን አነሣች። ድረስ በሩ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ደግሞ ልታዋርጅኝ ነው? ለአንዲት ውሃ ቀጂ?"

"ዞር በል ከፊቴ!"

በትሯን አስቀድማ በጎኑ አልፋ ወጣች። ሜዳው መሀል ደረሰች። ወደቀች። እዚያው ቦታ፣ በዚያው እግር። "እኔን! እኔን!" አሉ ሴቶቹ ከቆሙበት። አንጓች ለመነሣት አልታገለችም። ቀሚሷን ሰበሰበችና ከመሬት ሆና ቀና አለች።

"እኔን የምትል ትምጣና ትቀመጥ! ብርቄ እንደዚያ ነበረች" አለች። ከዚያም እዚያው ቁጭ እንዳለች አወረደችው፦

ወገን የላት ብለው ብቻዋን ሊሸኟት፣
እኔ ወድቄያለሁ መሬት ላሞቅላት።

መጀመሪያ የድረስ ሚስት ከሴቶቹ መሀል ወጣችና ከነክት ቀሚሷ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ አሮጊቶቹ። ኋላ ያን ጊዜ የሳቁት ወንዶች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ብርቄ ተለቀሰላት። ድረስ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ፊቱን የሚያዞርበት ጠፋው። በስተመጨረሻ እሱም ተቀመጠ የሚሉ አሉ። እኔ አላስቀምጠውም።

ቀይ አፋፍ ላይ ሰው ሲወድቅ እኔን የማይባለው ለዚህ ነው። ሮጦ ብድግ ማድረግም ነውር ነው። መጀመሪያ አጠገቡ መቀመጥ ነው፤ ሙሽራም ብትሆኚ፣ ቄስም ብትሆን፣ ጭቃም ቢሆን። ትንሽ አውርቶ፣ የወደቀው ሲበቃው አብሮ መነሣት። ይህን የአንጓች መቀመጫ ይሉታል።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። አንጓች በትሯን ይዛ፣ በድረስ ፊት አልፋ፣ ብቻዋን ወደ ገበያ ወረደች። ቁልቁለቱ ላይ ወደቀች። ትንሽ ተቀመጠች። ተነሣች። ገበያ ገብታ ጨውዋን ገዛች።