ስለ እምቢተኞቹ ጠርሙሶች

እመቤታችንን የምትወዱ ሆይ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ጓሮ ለነበራት ለአንዲት ሴት ያደረገችላትን ስሙ።

በሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ክርስትና ስሟ ወለተ ሐና የሆነ፣ ሰፈሩ ግን እትዬ ትርንጎ የሚላት መበለት ነበረች። ዕለት ዕለት ጓሮዋን ስታጠጣ በየመደቡ ራስ ቆማ «ሰላም ለኪ» ትላለች። ስእለቷም በፍልሰታ በደብሩ ቅጥር ሱባኤ የሚይዙትን ድኾች፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ጓሮዋ ካፈራው ማብላት ነበር። ቲማቲም ግን የሚደርሰው በመጋቢት፣ ፍልሰታ የሚገባው በነሐሴ። ስለዚህ ቃሪያውን በፀሐይ ታደርቃለች፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጎንጉና ትሰቅላለች፣ ቲማቲሙንም በጨውና በሎሚ አብስላ በጠርሙስ ትሞላና ክዳኑን ገጥማ ከነጠርሙሱ ዳግመኛ ታፈላዋለች።

በአንድ ዓመት የመጀመሪያውን ቀን ሥራ በደኅና ጨረሰች። በማግሥቱ ግን ድስቱ እሳት ላይ ሳለ ለቅሶ ተጠርታ ሄደችና፣ ስትመለስ ጨውና ሎሚውን የጨመረች መሰላት። ዐቢይ ጾም ነውና አልቀመሰችም። ሰባት ጠርሙስ እንዲሁ ተዘግቶ ከቀደሙት ፊት ተደረደረ።

ነሐሴም ገባ። አርባ ሱባኤተኞች በረድፍ ተቀምጠው ሲጠብቁ የፊተኛውን ጠርሙስ አነሣች፤ አልከፈት አላት። በጨርቅ ያዘችው፣ በሙቅ ውኃ ነከረችው፤ እምቢ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ከዚያም ከሱባኤተኞቹ አንዱ፣ ድንጋይ ፈላጩ ደባልቄ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሰባቱንም ታገላቸውና ላብ አጠመቀው።

አንዲት መነኩሲት «አንተ፣ ድንጋይ ሲያየኝ ይሰነጠቃል ትል አልነበረም?» አለችው።

«እማሆይ፣ ይህስ ክዳን አይደለም፤ ቃል የገባ ሰው ነው።»

ትርንጎ ግን መሳቅ አልቻለችም። ስጦታዋ የተጠላ መሰላትና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄዳ ግንባሯን በመቃኑ ላይ አሳርፋ፣ እንደ ልጅ እያኮረፈች፣

«በእኔ ተቀይመሽ እንደሆነ ለእኔው ንገሪኝ። የተራቡት ምን አደረጉሽ?» አለች።

ተመልሳ ከጠርሙሶቹ የኋላ ረድፍ አንዱን ብታነሣ ክዳኑ በጣቷ ጫፍ ተከፈተ። ሌላውም፣ ሌላውም እንዲሁ ሆነና አርባውም በልተው ጠገቡ።

ደባልቄ ግን ነገሩ አልዋጥልህ ብሎት ከሰባቱ አንዱን ወስዶ ከቅጥር ውጭ በመሮው ሰበረው። ግማቱ እስከ ረድፉ ደረሰ፤ አጥንት ፍለጋ የሚዞረው ውሻ እንኳ አሽትቶ ሸሸ። የቀሩትንም ቢሰብሯቸው ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። ያን ጊዜ ትርንጎ ለቅሶው፣ ድስቱ፣ ያልገባው ጨው ትዝ አላት። አርባውን በእጇ ልትመርዝ ኖሯል።

ወደ ደጁ ተመለሰችና እያለቀሰችም እየሳቀችም፣

«እኔ ስቆጣሽ፣ አንቺ እጄን ይዘሽልኝ ኖሯል» አለች።

ሱባኤተኞቹም ሁሉ ተነሥተው በእልልታ አመሰገኑ።

ያን ዕለት አርባውን ከክፉ መብል የጋረደች እናት የእናንተንም ጓዳ ትጠብቅ፤ ሕይወት ያለበትን ደጅ በለሆሳስ ትክፈትላችሁ፤ ሊጎዳችሁ ያለውን ግን፣ ብትለምኗትም ብትቆጧትም፣ አጥብቃ ትያዝላችሁ። አሜን።