ልጓም ያዥ የሌላት አዋላጅ

አንዲት አዋላጅ ነበረች።

ቆይ፣ አታቋርጠኝ ይኄይስ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። ሰው ቤቱ ሆኖ በስልኩ የጤና ጣቢያ ወረፋ የሚይዝበት አፕ ሠርታችኋል። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች አይተው እንከን የለውም ብለው ሸልመውታል። የሰፈራችን ሰው ግን እሱን ትቶ እስካሁን ማለዳ እየተነሳ መስኮቱ ላይ የወረቀት ቁጥር ለመያዝ ይሰለፋል። እናንተም ከመስከረም ጀምሮ ወረቀቱ ይቅር ብላችሁ ወስናችኋል። አሁን መጥተህ፣ «የኔታ፣ የሚያውቁት ሁሉ ያመሰገኑትን ነገር ሕዝቡ ለምን ይጠላዋል? ዕውቀት ፈርቶ ነው?» አልከኝ። ይባስ ብለህ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለህ ተረትክብን። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝና እንዲህ ያለውን ተረት ከማን እንደተማርክ አልጠይቅህም። ተቀመጥና ስማ።

አዋላጅቱ አጭር፣ ወፈር ያለች ሴት ነበረች። ግራ ጉልበቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጎዳ ነው፤ ዳገት ላይ ያነክሳታል። በሦስት ደብር ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ የምታስጠራው እሷን ነው። የምትሄደውም በበቅሎ ነበር። በቅሎዋ ጆሮዋ የወደቀ፣ ሆዷ የተዘረጠጠ፣ ስትረግጥ አንጀት የምታናውጥ ነገር ነበረች። አንድ ነገር ግን ታውቅበታለች። ሴትዮዋ ድንጋይ ላይ ቆማ እግሯን ወደ እርካቡ ስታነሳ በቅሎዋ ቀጥ ትላለች። ሴትዮዋ እስክትወጣ፣ ቀሚሷን እስክትሰበስብ፣ ምላጯንና ጨርቋን የያዘችበትን ስልቻ እስክታስተካክል ድረስ ንቅንቅ አትልም። ይህች በቅሎ አርጅታ ሞተች።

የሦስቱ ደብር ሰው ተሰበሰበ። አዋላጃችን በዚያ ጉልበቷ በእግሯ አትሄድም፣ አዋጥተን በቅሎ እንግዛላት ተባለ። ሰዉ ደግ ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። ይሁንና በቅሎ መምረጥ የማንም ሥራ አይደለም ተባለና ነገሩ ለበቅሎ አዋቂዎች ተሰጠ።

የበቅሎ አዋቂዎቹ በዚያ አገር የታወቁ ባለርስቶች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠው ስለ በቅሎ ሲያወሩ ይውላሉ። የዚህችን አንገት፣ የዚያችን አረማመድ፣ የአንዷን እናት፣ የሌላዋን አባት እያነሱ ይሟገታሉ። ሁለቱማ በአንዲት በቅሎ የኮቴ ቀለም ተጣልተው ዓመት ሙሉ ሰላም ሳይባባሉ ከረሙ ይባላል። ዕውቀታቸው የውሸት አልነበረም። ይህን ልብ በል፤ አላዋቂዎች ነበሩ አላልኩህም።

አንድ ልማድ ግን ነበራቸው። ያለ ሎሌ በቅሎ ላይ አይወጡም። ባለርስት ሊወጣ ሲል አንዱ ሎሌ ልጓሙን ይይዛል፣ ሌላው በወዲያ በኩል እርካቡን ይጫናል። ብቻውን ሲወጣ የታየ እንደሆነ «ምነው፣ ቤቱ ተፈታ እንዴ?» ተብሎ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ከአባቶቻቸው ጀምሮ አንዳቸውም ሰው ሳይይዝላቸው በቅሎ ላይ ወጥተው አያውቁም።

ለወጉ ያህል አዋላጅቱን አስጠሯትና ምን ዓይነት በቅሎ እንደምትፈልግ ጠየቋት። እሷም ነገር አላበዛችም። ስወጣ የምትቆም ትሁንልኝ፣ ሌላው ይቅርብኝ አለች። ሾላው ሥር ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከመካከላቸው ታላቁ እንባውን እየጠረገ፣ «ኧረ ለመሆኑ የማትቆም በቅሎ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት። ሲያሾፍባት አልነበረም። ከልቡ ነው፤ አያውቅም ነበር።

ዳማ በቅሎ ገዙላት። ሰጋር ናት፤ ብርሌ ሙሉ ጠጅ ይዘህ ብትቀመጥባት ጠብ አይልም። አንገቷ ረጅም፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ጠጉሯ የሚያብረቀርቅ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አያት። አዋላጅቱም አመሰገነች፤ ምን ታድርግ? ሰው አዋጥቶ የሰጠህን ነገር አልወደድኩትም ማለት ይከብዳል። እንዲያውም የማይመቻት በእሷ ጥፋት መሰላት። ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ከቤቷ ስትነሳ ጎረቤት ጠርታ ልጓም ታስይዛለች። ከጠሯት ቤት ስትመለስም የሚይዝላት ሰው አይጠፋም። እንዲህ እያለች ሁለት ወር ቆየች። አዋቂዎቹም «አላልንም ነበር?» እያሉ ለሚያገኙት ሁሉ አወሩ።

በሦስተኛው ወር አንድ ማለዳ አንድ ገበሬ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ከትናንት ጀምሮ እያማጠች ነው፣ የልጁ እግር ቀድሞ መጥቷል አለ። ልጓም ይዞ አዋላጅቱን በቅሎዋ ላይ አወጣትና አብሯት ሊሄድ ቆመ። እሷ ግን ሚስትህ ብቻዋን ናት፣ አንተ በአቋራጩ ሮጠህ ድረስላት፣ እኔ በመንገዱ እመጣለሁ ብላ ሰደደችው። ማንም አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው።

ከገበሬው ቤት ወዲህ አንድ ወንዝ አለ። ቁልቁለቱ አስቸጋሪ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከበቅሎ ወርዶ እየሳበ ነው የሚሻገረው። እሷም ወረደች፤ ዳማይቱን እየሳበች ተሻገረች። ከዚያ ወዲያ የቀራት አንድ ረጅም ዳገት ነው፤ ለበቅሎ ምንም አይደለም። ድንጋይ ፈልጋ ላዩ ላይ ቆመች። እግሯን ስታነሳ ዳማይቱ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች።

ድንጋይ ለወጠች። ዳማይቱ አሁንም ፈቀቅ አለች። አባበለቻት፤ ተቆጣቻት፤ ልጓሙን ቁጥቋጦ ላይ አሰረችው፤ ዳማይቱ ቁጥቋጦውን ትዞረው ጀመር። አንዴ እግሯ እርካቡ ውስጥ ገብቶላት ነበር፤ በቅሎዋ ስትሸሽባት በጀርባዋ ወደቀች። በቅሎዋ ክፉ ሆና አይደለም። ሰው ሳይዛት መቆምን ማንም አላስተማራትም። ሴትዮዋ ወደ ላይም ወደ ታችም ተጣራች፤ የሚሰማ አልነበረም። በመጨረሻ ስልቻዋን አውርዳ ጀርባዋ ላይ አደረገች፣ በቅሎዋን እዚያው ትታ በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ተያያዘችው። መሬቱን በእጇ እየቧጠጠች ነው የወጣችው።

ስትደርስ ረፍዷል። እናትየውን አተረፈቻት። ሕፃኑ ግን ሳይተነፍስ ተወለደ። ወንድ ነበር። እግሩ ቀድሞ የመጣን ልጅ እንዴት አድርጋ እንደምታወጣ ታውቃለች፤ ስንቱን አውጥታለች። ጊዜ ነው ያጣችው። 

ወሬው ሾላው ሥር ደረሰ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት፤ አዋቂዎቹ ምን አሉ መሰለህ? በቅሎ ላይ መቀመጥ አታውቅም አሉ። እንዲህ ያለች በቅሎ ለእሷ መሰጠት አልነበረባትም፣ አህያ ይበቃት ነበር አሉ። አንዱማ በቅሎዋ አሳዘነችኝ አለ። ወይ ጉድ! ልጅ ሞቶ በቅሎዋ አሳዘነችው። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ቅዳሜ አዋላጅቱ ዳማይቱን እየሳበች፣ እያነከሰች፣ ገበያውን መሃል ለመሃል ሰንጥቃ ሾላው ሥር ቆመች። እጅ አልነሳችም። ልጓሙን ለታላቁ አዋቂ ዘረጋችለትና «ጌታዬ፣ ይውጡባት» አለችው።

ሰውዬው ደስ አለው። ዛሬ አስተምራታለሁ ብሎ ኩታውን አጣፍቶ ብድግ አለ። ሁለቱ ሎሌዎቹም እንደ ልማዳቸው ተነስተው አንዱ ወደ ልጓሙ፣ ሌላው ወደ እርካቡ ሄዱ።

«እነሱ ይቀመጡ» አለች።

ሎሌዎቹ ጌታቸውን አዩ። ጌታቸውም በሕዝብ ፊት ከሴት ቃል ማፈግፈግ ከብዶት ተቀመጡ አላቸው። ልጓሙን በግራ እጁ ጨብጦ እግሩን አነሳ። ዳማይቱ ፈቀቅ አለች። ተከተላት፤ ዞረችበት። ኩታው ከትከሻው ወርዶ ጭቃ ነካው። ጨው ሻጩ ሚዛኑን አስቀምጦ ቀና አለ፤ ሸክላ የምትሸጠውም ዕቃዋን ትታ ተጠጋች። ሰውዬው ለአራተኛ ጊዜ ሞከረ፣ ለአምስተኛ ጊዜ ሞከረ። ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ወደ ሎሌዎቹ ዞሮ ጮኸ፦ «ምን ታፈጣላችሁ? ያዙልኝ እንጂ!»

«እኔንስ ወንዙ ዳር ማን ይያዝልኝ?» አለች አዋላጅቱ።

 ይህን ብላም አልበቃትም። «አንድ ልጅ ቀብረናል። ከእንግዲህ በቅሎዬን የምመርጥ እኔ ነኝ፤ የሚያስቃችሁ ከሆነ ሳቁ» አለች።

ዳማይቱን ከሰውዬው እጅ ተቀብላ እየሳበች ወደ በቅሎ ተራ ሄደች። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስመጣች። የሚሸጡትን በቅሎዎች በየተራ እያስቀረበች፣ ባለቤቶቹ ልጓሙን ለቀው እንዲርቁ አድርጋ ልትወጣባቸው ሞከረች። ጥርስም አላየች፣ የእናት የአባት ዘርም አልጠየቀች። አንዷ ስትጥላት ተነስታ አቧራዋን እያራገፈች ወደ ሌላዋ ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጀርባዋ የተላጠ፣ እህል ስትጭን የኖረች ጉልበታም በቅሎ ቀጥ ብላ ቆመችላት። ዳማይቱን ሰጥታ እሷን ወሰደች። ባለርስቶቹ አዋላጃችን በጭነት በቅሎ ስትሄድ ማየት ለአገሩ ነውር ነው አሉ። ይበሉ! ከዚያ ወዲህ ወንዝ ዳር የቀረችበት ቀን አልነበረም።

ምሳሌው ይኸው ነው። አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

አፑን የሸለሙላችሁ ሰዎች የት ተቀምጠው ነው ያዩት? መብራት በማይጠፋበት፣ ኔትወርክ በማይቆራረጥበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ዓይናቸው ደህና ነው፣ ጣታቸው ፈጣን፣ ስልካቸው አዲስ። ትንሽ ግራ ቢገባቸው ጎናቸው ያለው ጓደኛቸው እዚህ ጋ ንካው ይላቸዋል። ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሎሌያቸው ነው። ልጓሙን ይዞላቸዋል፤ ከለመዱት ብዛት ግን አያዩትም። እንከን የለውም ሲሉ አልዋሹም። ለእነሱ ቆሞላቸዋል። አንተም ከእነሱ ጋር ሾላው ሥር ተቀምጠህ ነው «ሕዝቡ ዕውቀት ይፈራል» ያልከኝ።

ጎመን የምትሸጠውን ወይዘሮ አትጠገብን ታውቃታለህ፤ አዝላህ የምትዞር ጎረቤትህ ነበረች። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስደው ከዚያ ጤና ጣቢያ ነው። ስልኳ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። አፕህ የመግቢያ ቁጥር ይልክላታል፤ መነጽሯን ፈልጋ እስክታነበው ጊዜው አልፏል ይላታል። እንደገና ትጀምራለች። ባለፈው ወር፣ ወረቀቱ ሊቀር ነው ሲባል አፑን ልልመድ ብላ፣ ሦስት ቀን እንዲህ ስትል ወረፋ ሳታገኝ መድኃኒቷ አለቀ፤ በአራተኛው ቀን ከጎመኗ መደብ ላይ ወድቃ ነው ያነሳናት። አምስት ልጅ ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። እሷን ነው ፈሪ የምትላት? ወረቀቱን የያዘችው ሞኝ ሆና አይደለም፤ ስለሚቆምላት ነው።

አፑን ጣሉት አላልኩህም። ለሚመቸው ይመቸው። ወረቀቱ ከመስከረም ይቀራል ያልከው ነገር ግን አይሆንም። እኔ አርጅቻለሁ፤ መቋሚያዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ለመቆም ግን አላረጀሁም። ወረቀቱን ለማንሳት የመጣ ሰው መጀመሪያ እኔን ያንሳ። ይህንንም ለአለቆችህ በስሜ ንገርልኝ።

አሁን ተነስ። ነገ ማለዳ አትጠገብ ቤት ሂድና ስልኳን አውጥታ በራሷ ወረፋ እስክትይዝ ድረስ አጠገቧ ቁም። ስትሳሳት እይ፣ መነጽሯን ስትፈልግ እይ፣ እንደገና ስትጀምር እይ። እጅህን ግን ወደ ኋላ አጣምረህ ቁም፤ እንዳትይዝላት።